የሚንቀጠቀጥ የስፖርት ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚወሰን

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ለሚኖር ሰው ጂም መመላለስ ቀላል አይደለም። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ሰፈር ሲደርስ መሽቷል። ጂም ቢገኝም ወርሃዊ ክፍያው ለብዙ ሰው አይቀመስም። በዚህ መሃል ቴሌግራሙም ቲክቶኩም አንድ ነገር ያሳያል፦ ጠፍጣፋ ማሽን ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው። በቀን 10 ደቂቃ መቆም ብቻ ነው፣ ቦርጭ ይጠፋል ይባላል።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ማሽኑ የሚሠራው ነገር አለ፤ የሚወራለት ግን አብዛኛው እውነት አይደለም። የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ። ለብዙው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ገንዘቡ ኪሱ ቢቆይ ይሻለዋል። የትኛው ወገን እንደሆናችሁ ለማወቅ እነዚህን ደረጃዎች ተከተሉ።

1. ለምን እንደፈለጋችሁት በአንድ መስመር ጻፉ

ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው።

«ቦርጭ ለማጥፋት» ብላችሁ ከጻፋችሁ እዚሁ ማቆም ትችላላችሁ። ንዝረት ስብ አያቀልጥም። ስብ የሚቀንሰው ሰውነት ከምግብ ካገኘው በላይ ጉልበት ሲያወጣ ነው። ማሽኑ ላይ ዝም ብሎ መቆም የሚያስወጣው ጉልበት ደግሞ ቀስ ብሎ ከመራመድ አይበልጥም። ሆድ ላይ የሚታሰረው የሚንቀጠቀጥ ቀበቶም ያው ነው። ቆዳ ይሞቃል፣ ላብ ይወጣል። ውኃ ሲጠጣ ኪሎው ይመለሳል።

«ጡንቻዬን ለማጠንከር» ከሆነ ነገሩ ይለያል። የሚቆምበት የማሽኑ ሰሌዳ በፍጥነት ሲወዛወዝ የእግር ጡንቻ ይለጠጣል። ሲለጠጥ ሳናዘው በራሱ ይኮማተራል፤ ሐኪም ጉልበታችንን በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግራችን ሳናስበው እንደሚፈናጠረው። ይህ በሰከንድ ደጋግሞ ሲሆን ጡንቻው ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ብትሠሩ ስኳቱን ያከብደዋል። ስኳት የማትሠሩ ከሆነ የሚያከብደው ነገር የለም።

«ለእናቴ» ወይም «ለአባቴ» ብላችሁ የጻፋችሁም ትኖራላችሁ። እዚህ ጋ ማሽኑን አልንቀውም። እንደልብ ስፖርት መሥራት በማይችሉ አረጋውያን ላይ የእግር ጉልበትና ሚዛን ሲያሻሽል የታየባቸው ጥናቶች አሉ። የአጥንት መሳሳትን ያድናል የሚለውን ግን በጥርጣሬ ስሙት። እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ ውስጥ የወጣ ጥናት ያረጡ 202 ሴቶችን ለ12 ወር ተከታትሏል። አነስተኛ ንዝረት ባለው ሰሌዳ ላይ በየቀኑ 20 ደቂቃ የቆሙት ሴቶች፣ ካልቆሙት የተሻለ የአጥንት ጥግግት አላገኙም።

በነገራችን ላይ «አዲስ ቴክኖሎጂ» የሚለው ማስታወቂያ አያታላችሁ። ስዊድናዊው ሐኪም ጉስታቭ ዛንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰውነትን የሚያንቀጠቅጡ ማሽኖች ሠርቶ ታካሚዎች ይገለገሉባቸው ነበር።

2. ጤናችሁን አጣሩ

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አትቆሙበት። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያደረገ ወይም አጥንቱ የተሰበረ፣ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የገባለት፣ እግሩ ላይ ደም የረጋበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ችግር ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው። የኩላሊት ወይም የሐሞት ጠጠር ካለባችሁም እንደዚያው።

የዲስክ መንሸራተት ያለባችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ቀኑን ሙሉ ገልባጭ መኪና ወይም ትራክተር የሚነዱ ሰዎች ወገባቸውን የሚያማቸው አንዱ ምክንያት ከመቀመጫው የሚመጣው ንዝረት ነው። ብዙ ንዝረት ብዙ ጤና ማለት አይደለም።

3. መጀመሪያ 4 ሳምንት ያለ ማሽን ሥሩ

ይህን የምለው ለማድከም አይደለም። ማሽን ተገዝቶ አልጋ ሥር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሠራ ሳይሆን የመሥራት ልማድ ስላልነበረ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ፈተና ውሰዱ። እጀታ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩና በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቁጭ ብድግ እንደምትሉ ቁጠሩ። ቁጥሩን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ።

ከዚያ ሥሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ነው። ዳር ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ በጣም የራቀ አይደለም። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድ ይቆጠራል። ጂ+4 ላይ የሚኖር ሰው ደረጃውን ሲወጣ እግሩም ልቡም ይሠራሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ስኳት፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ የስፖርት ላስቲክ። ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል። ሁሉም ተደምሮ ዋጋው ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም።

ከ4 ሳምንት በኋላ የወንበሩን ፈተና ድገሙት። ቁጥሩ ከጨመረ ያለ ማሽን እየተሻሻላችሁ ነው፣ ቀጥሉ። አራቱን ሳምንት ካልጨረሳችሁት ማሽኑንም አትጨርሱትም። ጨርሳችሁ፣ ወዳችሁት፣ ስኳቱ ቀሎባችሁ ተጨማሪ ጫና ከፈለጋችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

4. ሱቅ ሄዳችሁ ፈትኑት

በፎቶ አይታችሁ አትግዙ። ማሽኑ በሰው ክብደት ሥር ምን እንደሚሆን ካልቆማችሁበት አታውቁትም።

መጀመሪያ ባዶውን ያስነሱላችሁና ድምፁን ስሙ። ከዚያ ቁሙበት። ስትቆሙበት ሞተሩ ካቃሰተና ከዘገየ ለእናንተ ክብደት አቅም የለውም። የሚሸከመው ኪሎ ስንት እንደሆነ ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አንብቡ፤ የሻጩ ቃል አይበቃም። ሥሩ ያሉት የጎማ እግሮች አራቱም እኩል መሬት መያዛቸውን እዩ።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች «ከ1 እስከ 99» የሚል ቁጥር አላቸው። ይህ ቁጥር ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ፣ አይደለም፤ የሪሞቱ ቁጥር ነው። እውነተኛውን ፍጥነት በስልካችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ሰሌዳው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉና ስልኩን በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው ስሎው ሞሽን ቅረጹት። ቪዲዮው ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው 8 እጥፍ ዘግይቶ ይታያል። ስለዚህ በቪዲዮው 8 ሰከንድ ውስጥ ነጥቡ ስንት ጊዜ ወጥቶ ወረደ? ያ ቁጥር ሄርዙ ነው። 12 ካገኛችሁ 12 ሄርዝ ነው።

ፍጥነቱ ለምን ያስጨንቃል? ሰሌዳው የሚጓዘው ርቀት ሳይለወጥ ፍጥነቱ ከ12 ወደ 30 ሄርዝ ቢያድግ፣ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ6 እጥፍ በላይ ይሆናል። «ከፍተኛው ላይ አድርጉት» የሚል ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ሚዛን ለሚያስቸግረው ሰው የምትገዙ ከሆነ መያዣ እጀታ የሌለውን ጭራሽ አትዩት። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሞተሩ ቢበላሽ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ።

5. ቤታችሁንና መብራታችሁን አስቡ

የኮንዶሚኒየም ወለል ድምፅ ያሳልፋል። እናንተ ላይ የሚነዝረው ማሽን ታች ላለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ የሚጮህ ነገር ነው። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉበት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ታች ያሉትን እማማ ወይም ጋሼ አንኳኩና አማክሯቸው። ኮሚቴ ዘንድ ከሚደርስ ክስ ይህ ይሻላል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ከሆነ ቮልቱን ሳታዩ አትሰኩት። እዚያ 110 አካባቢ ነው፣ እኛ ጋ 220። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። እዚህ የተገዛውንም ቢሆን ብዙ ነገር ከተሰካበት ዲቫይደር ጋር አትደርቡት። መብራት ሲሄድ ደግሞ መጀመሪያ ከማሽኑ ውረዱ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ተመልሶ መጥቶ ኃይሉ ሲረጋጋ መልሱ።

6. ከገዛችሁ እንዲህ ተጠቀሙበት

ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ቁሙ። ዋናው ነገር ይኼ ነው። ቀጥ ብላችሁ ከቆማችሁ ንዝረቱ በአከርካሪ አድርጎ ጭንቅላት ድረስ ይወጣል፤ ጥርስ ሲጋጭ ይታወቃችኋል። ጉልበት ሲታጠፍና ክብደቱ ወደ እግር ፊት ሲያዘነብል ጭንቅላት ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል።

በዝቅተኛው ፍጥነት ጀምሩ። 30 ሰከንድ ሥሩ፣ 1 ደቂቃ እረፉ። ግማሽ ስኳት፣ ተረከዝ ማንሳት፣ ከዚያ ወርዳችሁ እጃችሁን ሰሌዳው ላይ አድርጋችሁ ፑሽ አፕ። ለጀማሪ ከእረፍቱ ጋር 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። የእግር ጉዞውን አታቋርጡ፤ ማሽኑ አይተካውም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግራችሁን ሊያሳክካችሁና ሊቀላ ይችላል። ቆዳ ላይ የደም ዝውውር ሲጨምር የሚመጣ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ይተዋል። ስቡ እየቀለጠ ነው ቢሏችሁ አትቀበሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይን ብዥታ ወይም የወገብ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው አጥፉት። በሚቀጥለው ቀን ሕመሙ ከተደገመ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አረጋዊ ሲቆሙበት ሁልጊዜ አጠገባቸው ሰው ይኑር። ሲወርዱ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ይሁን፤ እየተንቀጠቀጠ ሲወርዱ መውደቅ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ሥራችሁን ስትጨርሱ ከሶኬት ንቀሉና ሪሞቱን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።