ከዱር አበባ ፎቶ መልስ ካሜራችሁ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ሆኖ የዱር ዕፅዋት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዕድለኛ ነው። መስከረም ላይ ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲሉ ሜዳው አደይ ነው። ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅን ሲያልፉ፣ ስሜን ተራራ ላይ ጅብራው ቆሞ ይጠብቃል። ወደ መተማ ሲወርዱ ደግሞ የዕጣን ዛፍ አለ። ካሜራው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ውርጭም፣ ሙቀትም፣ አቧራም ይፈራረቁበታል። ያም ሆኖ እኔ እንዳየሁት ዕቃ ዱር ላይ ብዙም አይሞትም። የሚሞተው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

አደዩ ዝርዝር የሌለው ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ

ካሜራ ቢጫን የሚሠራው ከቀይና ከአረንጓዴ ብርሃን ነው። ፀሐይ ሲበረታ ቀዩ ቀድሞ ሞልቶ ይፈስና የአበባው መስመሮች ይጠፋሉ። ካሜራው ላይ ብርሃኑን (ኤክስፖዠሩን) ከግማሽ እስከ አንድ እርከን (ስቶፕ) ቀንሱ። ሂስቶግራም (ካሜራው የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይበት ግራፍ) ስታዩ የቀዩን ለብቻው ተመልከቱ፤ ጠቅላላው ደህና መስሎ ሊሸውዳችሁ ይችላል።

እኔ በጣም የምወደው መፍትሄ ግን ነጠላ ነው። አንድ ሰው ነጠላ ዘርግቶ በፀሐይዋ በኩል ይያዝላችሁ። ብርሃኑ ወዲያው ይለሰልሳል። በእያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄዱት ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ጥለቱ ብቻ ጥላ እንዳይጥልባችሁ ወደ ዳር ይሁን።

ፎከሱ ልክ ነው፣ ፎቶው ግን ደብዝዟል

ንፋስ ነው። በጣም ተጠግታችሁ ስታነሱ የአንድ ሚሊ ሜትር ንቅናቄ ፎቶውን ለማበላሸት ይበቃል። ትሪፖድ ካሜራውን እንጂ አበባውን አያቆምም። ሹተሩን ወደ 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አፍጥኑ፤ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለመጨመር አትሳሱ። ከሁሉም የሚሻለው ማለዳ ንፋሱ ሳይነሳ መድረስ ነው። «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚባልለት ጅብራ ራሱ አያስቸግርም፤ የሚወዛወዘው በዙሪያው ያለው ጓሳ ነው። ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ ቅጠሉን አትስበሩ። ጅብራ ብዙ ዓመት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው።

ስሜን ላይ ባትሪው በድንገት አለቀ

አላለቀም፣ በርዶት ነው። ትርፉን ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙ። የበረደውን አሙቃችሁ መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያሠራል።

ሌንሱን ጤዛ ያዘው

ቀዝቃዛ ካሜራ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት መስታወቱ ላይ ይጠራቀማል። መፍትሄው ፌስታል ነው። ውጭ እያላችሁ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሉና አፉን እሰሩ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እስከዚያ ሌንሱን አትፍቱ።

የትሪፖዱ እግር ሲከፈት ይንኮሻኮሻል

አሸዋ ገብቶበታል። እጠቡትና እግሮቹን ዘርግታችሁ አድርቁ።

ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር አለ

ይህ ሻጋታ ነው፤ እኔንም ያስለቀሰኝ እሱ ነው። አንድ ክረምት የምወደውን ሌንስ ከነቆዳ ቦርሳው ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። መስከረም ላይ በስተኋላው የስልክ መብራት ሳበራበት፣ ከጠርዙ ተነስተው ወደ መሐል የሚሄዱ ነጫጭ ክሮች አየሁ። ባለሙያ ፈቶ ጠረገው፤ ምልክቱ ግን እስካሁን አለ። ሻጋታው የሚያመነጨው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት አይመለስም።

ምክንያቱ እርጥበት፣ ጨለማና አየር ማጣት ነው። የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ይዞ ያቆያል፤ ለጉዞ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ግዙና ቀለም የሚቀይር ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጡ ፍሬዎች) አስገቡበት። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጨምሩ፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ሲሊካው ቀለሙን ሲቀይር ጠግቧል ማለት ነው። ምግብ በማይሠራበት አሮጌ መጥበሻ ላይ በቀስታ አድርቃችሁ መልሱት። ሌንሱን ሩዝ ውስጥ መቅበር ግን ይቅር፤ ትርፉ ዱቄትና ብናኝ ነው። የሻገተውን ሌንስ ከጤነኞቹ ለዩት።

አሁን ሐምሌና ነሐሴ በየእሁዱ ሳጥኑን እከፍታለሁ። ሌንሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ መብራት አበራባቸዋለሁ፤ ግቢው ውስጥ ያገኘሁትን ቅጠል ፎቶ አንስቼባቸው እመልሳቸዋለሁ።