ሳክ ብቻ አትቁጠሩ፦ የኮሌጅ ፉትቦል ተከላካይ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ። ልጁ ሃይስኩል ገብቶ ትከሻው ሰፋ ሲል አሠልጣኙ ተከላካይ ያደርገዋል። እናት ደግሞ "ይሄ ድብድብ እንጂ ኳስ ነው?" ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ኮሌጅ ከገባ በኋላ ብዙ ተከላካዮችን የሚያስቀረው ድብድቡ አይደለም።

ዋናው ስህተት ሳክ ማሳደድ ነው። ሳክ ማለት ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን፣ ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር ኋላ ኳሱን ሳይወረውር መጣል ነው። ስታዲየሙ ይጮኻል፣ ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ይዞራል። ልጁም ይህን ጣዕም ከለመደ ጠብቅ የተባለውን ክፍተት ትቶ ወደ ኳርተርባኩ ብቻ ይሮጣል። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጋጣሚ በዚያችው ክፍተት ሾልኮ ይሄዳል። ተጫዋች መልማዮች ደግሞ ሙሉውን ፊልም ነው የሚያዩት፤ የተከፈተውን በር ያያሉ። ተከላካዩ አሮን ዶናልድ በ2013 ለፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ 11 ሳክ አስመዘገበ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ሳኮቹን ጨምሮ 28.5 ጊዜ ተጋጣሚውን ከመነሻው መስመር ኋላ ጥሏል። (ግማሿ ሁለት ሰው አብሮ ሲጥል የሚካፈላት ናት።) ሩጫውንም ቅብብሉንም ያቆም ነበር ማለት ነው።

"የኔ ቦታ ይህ ብቻ ነው" ማለትም ብዙዎችን ጎድቷል። ጄ ጄ ዋት ሴንትራል ሚቺጋን የገባው በአጥቂው ወገን ታይት ኤንድ (ኳስ የሚቀበልም ተከላካይ የሚገፋም) ሆኖ ነበር። ስኮላርሺፑን ትቶ ወደ ዊስኮንሲን ሄደ፤ እዚያ ያለ ስኮላርሺፕ ጀመረ፣ መሃል ላይ ፒዛ አድርሷል። ቦታውን ቀይሮ ተከላካይ ሆነ። በ2011 የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ቡድን ሂውስተን ቴክሳንስ በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት፣ በ11ኛ ምርጫ ወሰደው፤ በኋላም 3 ጊዜ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ።

በጭንቅላት መግጠምን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር አለ። ከ2013 ጀምሮ በራስ ቁር ጫፍ መምታት ከሜዳ ያስባርራል። የአንጎሉን ጉዳትማ ዳኛ አይመልሰውም። ቀና ብሎ በትከሻ መጣል ይለማመድ።

ዝውውርና ገንዘብ ላይ ችኮላ ይበዛል። ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የዝውውር መዝገብ በ2018 ተከፈተ፤ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲከፈላቸው የተፈቀደው በሐምሌ 2021 ነው። አንድ ወር ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሻንጣውን ያነሳል። መዝገቡ ውስጥ ስሙን ያስገባ ሁሉ ግን ተቀባይ አያገኝም፤ የለቀቀው ስኮላርሺፕም ላይመለስ ይችላል። የማስታወቂያው ገንዘብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ ሳይቆረጥለት ይመጣል። ታክሲ የሚነዳ አባት ይህን ጉድ ከማንም በላይ ያውቃል፦ ሚያዝያ ላይ መንግሥት ድርሻውን ይጠይቃል። ከመጀመሪያው ቼክ ለይታችሁ አስቀምጡለት።

የመጨረሻው ትምህርቱን እንደ ትርፍ ማየት ነው። የኤንኤፍኤል ድራፍት 7 ዙር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ከ260 ያህል ሰው አይበልጥም። ማይረን ሮል በፍሎሪዳ ስቴት የተመሰከረለት ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ነበር። የሮድስ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ድራፍቱን አዘግይቶ ኦክስፎርድ ሄደ። በ2010 ቴነሲ ታይታንስ በ6ኛው ዙር መረጠው፤ በመደበኛ የውድድር ዘመን ግን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ወጣ። ከዚያ ሕክምና ተማረ። "ድብድብ ነው" ላለችው እናት ንገሯት፤ ሰውዬው ዛሬ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው።