ቅኝት በክራር፦ አምስቱን ድምፅ ከነማረፊያቸው መያዝ

ጎንደር ውስጥ አዝማሪ ቤት ተቀምጦ የሚሰማው ዜማ ቅኝቱ ትዝታ ነው ወይስ ባቲ ብሎ መለየት ያቃተው ጀማሪ፣ ብዙ ጊዜ ጆሮው አልደከመም። ድምፆቹን ለቃቅሞ ማረፊያቸውን፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ፣ ስለሚዘነጋ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። የአንድም ክር ውጥረት ሳይቀይሩ በእነዚሁ አምስት ድምፆች እየተጫወቱ ላ ላይ ቢያርፉ ባቲ ማይነር ይሆናል። ትዝታ ማይነርም (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) ሶል ላይ ሲያርፍ አምባሰል ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ክራር ከመቃኘት በፊት ማረፊያ መፈለግን መልመድ ያስፈልጋል።

አፈላለጉ ይህ ነው። አዝማሪው ስንኙን ጨርሶ ቤት ሲመታ ማሲንቆው ይቀበለዋል፤ ሐረጉን ከደገመ በኋላ መጨረሻ ላይ ደጋኑ አንድ ድምፅ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል። ያን ድምፅ አፍዎን ዘግተው «እም» እያሉ ይያዙት፣ አይልቀቁት። ቀጣዩ ቤት ሲመታም ያው ድምፅ ከገጠመ ማረፊያው እሱ ነው። ካልገጠመ የያዙት የመሀል እረፍቱን ነው፤ ብዙ ጊዜም ማረፊያውን ዶ ብንለው ሶል ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሁለተኛውን ስንኝ መዝጊያ ይጠብቁ።

ማረፊያው ከተገኘ በኋላ የቀሩትን አራት ድምፆች ከእሱ በግማሽ ድምፅ እየቆጠሩ ያወጧቸዋል። አንድ ግማሽ ድምፅ ማለት ጊታር ላይ አንድ ፍሬት፣ ኪቦርድ ላይ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥሮ አንድ ቁልፍ ነው፤ ሙሉ ድምፅ የእሱ እጥፍ ነው። ማረፊያውን 0 ብንለው፦

ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9
ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8
ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11
ባቲ ማይነር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10
አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8
አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9

ቁጥሮቹን መሸምደድ አያስፈልግም። የሚጠቅመው ክራሩን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው፤ ሁለት ሁለት ክር ብቻ እየነኩ አራት ቅኝት የሚያዳርስ መንገድ አለ። ትዝታ ሜጀር ላይ ይጀምሩ። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፤ ትዝታ ማይነር ሆነ። ቀጥሎ ሬን በግማሽ ዝቅ፣ ሚ ፍላትን ደግሞ በሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገው ፋ ያድርጉት። ዶ፣ ሶልና ላ ፍላት አልተነኩም፤ አሁን ማረፊያው ዶ የሆነ አምባሰል አለዎት። ከዚያ ሶልን በግማሽ ዝቅ፣ ላ ፍላትን በግማሽ ከፍ ሲያደርጉ አንቺሆዬ ይመጣል። በየደረጃው ቆም ብለው አንድ አጭር ሐረግ ይጫወቱ፤ ሁለት ክር ሲነካ የዜማው ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ጆሮ የሚማረው እዚያ ላይ ነው።

ባቲ ሜጀር በሌላ በር ይገባል። ከትዝታ ሜጀር ሬን በሙሉ ወደ ሚ፣ ሚን በግማሽ ወደ ፋ፣ ላን በሙሉ ወደ ሲ ከፍ ያደርጋሉ። ሦስት ክር ወደ ላይ ስለሚወጠር ክር የሚበጠሰው በአብዛኛው እዚህ ነው። ክሩ አስቀድሞ ከተወጠረ ሁሉንም አንድ ሙሉ ድምፅ አውርደው ይጀምሩ፤ ዘፋኙም አይጎዳም።

አቃኛኘት ላይ የሚደጋገሙ ሦስት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው ክሩን ከላይ ወደ ታች አውርዶ የተፈለገው ድምፅ ላይ ማቆም ነው፤ ልል ክር ሲመታ ይንሸራተታል። ከተፈለገው በታች አውርደው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይምጡ። ሁለተኛው ስድስተኛውን ክር መርሳት ነው። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ አንዱ ክር የሌላው ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ) ነውና መንትያው ሲቃኝ እሱም አብሮ መቃኘት አለበት፤ አለዚያ አንድ ክር ብቻ የቀደመውን ቅኝት ይዞ ይቀራል። ሦስተኛው አዲስ ናይለን ክር እንደታሰረ መጫወት ነው፤ ናይለን እየተሳበ ስለሚወርድ እስኪረጋ ደጋግሞ መቃኘት ይፈልጋል።

ከበዓታ አቋቋም ቤት (የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤት) የመጣ ተማሪ የያሬድን ሦስት የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ከእነዚህ ቅኝቶች ጋር አንድ ለአንድ ማጣመር ያምረው ይሆናል። ባያጣምር ይሻላል። የያሬድ ዜማ በራሱ ምልክትና ሥርዓት የሚሄድ ስለሆነ ለየብቻ መማሩ ሁለቱንም ያጠራቸዋል።

ሀርመኒ (ድምፆችን አብሮ ማሰማት) ላይ በጣም የሚበላሸው ኪቦርድ ሲጨመር ነው። በየቅኝቱ አምስት ድምፆች ውስጥ ሜጀር ወይም ማይነር ሆነው የሚገኙት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ሦስት ድምፆች) ሁለት ብቻ ናቸው። ዶ ላይ ብንቆም፣ ትዝታ ሜጀር ዶ ሜጀርና ላ ማይነር፣ ትዝታ ማይነር ዶ ማይነርና ላ ፍላት ሜጀር፣ ባቲ ሜጀር ዶ ሜጀርና ሚ ማይነር፣ ባቲ ማይነር ዶ ማይነርና ሚ ፍላት ሜጀር ይሰጣሉ። አምባሰል ግን ዶ ላይ የሚቆም ኮርድ የለውም፤ ሚ የለም፣ ሚ ፍላትም የለም። የሚገኙት ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው። ኪቦርዲስቱ በልማድ ዶ ሜጀር ሲመታ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ሚ ይገባና አምባሰልነቱ ይጠፋል። ፋ ማይነርን ደጋግሞ ከመታ ደግሞ ጆሮ ማረፊያውን ወደ ፋ ይወስደዋል። መድኃኒቱ መሀሉን ትቶ ዶና ሶልን ብቻ መያዝ ነው። አንቺሆዬ ላይ ይህም አይሠራም፤ ሶል ራሱ የለም፣ ያለው ሶል ፍላት ነው። ቤዙ ሶልን ከመታ ከማሲንቆው ሶል ፍላት ጋር ይጋጫል። ዶን ከኦክታቩ ጋር ብቻ መያዝ፣ ሌላውን ለማሲንቆው መተው ይበቃል።

ስልተ ምቱ የሚከብደው ለሚቆጥረው ነው፤ ለሚጨፍረው ግን ቀላል ነው። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት በስድስት ይቆጠራል፣ ስድስቱ ግን በሁለት መንገድ ይከፈላሉ። ቀኝ እጅዎ ጠረጴዛውን በ1 እና በ4፣ ግራዎ በ1፣ በ3 እና በ5 ይምታ። አብረው የሚያርፉት 1 ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ይከተላሉ። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ካለ ቀኝ እጅን በደቂቃ 60 ምት ላይ ያስይዙ፤ ሳይደናቀፉ ሁለት ደቂቃ ሲዘልቁ በአምስት በአምስት ይጨምሩ። የተለመደው ስህተት ግራውን ብቻ ሰምቶ በሦስት መቁጠር ነው፤ ያኔ ምቱ በሦስት የሚቆጠረውን የአውሮፓ ጭፈራ፣ ቫልስን ይመስላል፣ እስክስታውም ይሞታል። ጥምቀት ላይ ከበሮ ዙሪያ የሚያጨበጭቡትን ሰዎች እጅ ትተው እግር ይመልከቱ፤ እግሩ 1 እና 4 ላይ ይወርዳል፣ ትከሻው በመሀል ይሠራል። እጅዎ ከተሳሳተ ቁጥሩን ትተው በእግርዎ ይጀምሩና ጭብጨባውን ኋላ ይጨምሩ።