ለአጭር ኮሜዲ ተመላላሽ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይፈጠራል?

አጫጭር የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከልብስ ይጀምራል። ሰፊ ኮት፣ ወፍራም መነጽርና የተንሻፈፈ አረማመድ ያዘጋጅና ሳቁ በራሱ እንዲመጣ ይጠብቃል። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ በእርግጥ ያስቃል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ተመልካቹ ይሰለቻል፤ ሰውየው በዝግጅቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለውምና። እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ፍላጎት፣ ልብስና ንግግር ከዚያ በኋላ።

ይህን ለመማር ከእንግሊዙ ሞንቲ ፓይተን የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ግራሃም ቻፕማን፣ ጆን ክሊዝ፣ ቴሪ ጊሊያም፣ ኤሪክ አይድል፣ ቴሪ ጆንስና ማይክል ፔሊን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የተወኑበት ይህ የቢቢሲ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1969 ጀምሮ ዲሴምበር 5 ቀን 1974 አበቃ። በአራት ዙር 45 ክፍሎች ቀርበዋል። አመክንዮን አሽቀንጥሮ የጣለ ኮሜዲ ይባላል፤ ከውስጡ ሲታይ ግን በጥንቃቄ የተገጣጠመ ሥራ ነው። ከእነርሱ እየተማርን ጎን ለጎን የራሳችንን አንድ ገጸ ባሕርይ እንሠራለን። ስሙን «ወረፋ ያዡ» እንበለው።

1ኛ ደረጃ፦ ሥራ ስጡት

በዚያ ዘመን የነበረው አጭር ኮሜዲ በአንድ ጠንካራ የመጨረሻ ቀልድ መዘጋት ነበረበት። የፓይተን ጸሐፊዎች ይህ ልማድ አላስደሰታቸውም፤ መሀሉ እጅግ የሚያስቅ ድርሰት መዝጊያው ደካማ በመሆኑ ብቻ ሲበላሽ አይተዋል። እንግሊዛውያን የሚያውቁት ኮሜዲያን ስፓይክ ሚሊጋን በዚያው በ1969 በቢቢሲ ባቀረበው «ኪው ፋይቭ» ላይ አንድን ትዕይንት መሀል ላይ ትቶ ወደ ሌላው መሄድ እንደሚቻል አሳይቷቸው ነበር። እነርሱም የመጨረሻውን ቀልድ ጣሉት።

ይህ ውሳኔ ግን ሌላ ችግር ወለደ። መዝጊያ ከሌለ ከትዕይንቱ በምን ይወጣል? ዝነኞቹ ወጣ ያሉ ሰዎች የተወለዱት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆነው ነው። ቻፕማን የተጫወተው ኮሎኔል ወታደራዊ ልብሱን እንደለበሰ ይገባና ነገሩ ቅጡን አጥቷል ብሎ ትዕይንቱን ያስቆማል። ጊሊያም የብረት ጥሩር ለብሶ ላባው የተነጨ ዶሮ ይዞ ይመጣል፤ የሚናገረውን ሰው በዶሮው አናቱን ይመታውና ይሄዳል፤ ትዕይንቱም በዚያው አለቀ። ክሊዝ ጥቁር የእራት ልብሱን ለብሶ፣ ለጠረጴዛ በማይሆን ቦታ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ አሁን ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነገር ይቀርባል ብሎ ያስታውቃል። ፔሊን ደግሞ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ልብሱ የተቦጫጨቀ ሰው ሆኖ ከሩቅ እየተንገዳገደ ወደ ካሜራው ይደርስና «ይህ...» ይላል፤ ወዲያው የመግቢያው ሙዚቃ ይነሣል። በመጀመሪያው ክፍል ከባሕር ውስጥ ነበር የወጣው።

አንዱ በር ከፋች ነው፣ አንዱ በር ዘጊ፣ አንዱ አቋራጭ፣ አንዱ አሸጋጋሪ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦ የጻፋችኋቸውን አራት ወይም አምስት ትዕይንቶች በተርታ አስቀምጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የተቸገራችሁበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አስምሩበት። ያ ቦታ ክፍት የሥራ መደብ ነው። ገጸ ባሕርዩን የምትቀጥሩት ለዚያ መደብ ነው።

ወረፋ ያዡ አሸጋጋሪ ነው። ሁለት ሰዎች ቆመው ባየ ቁጥር ወረፋ ይመስለዋል። ይመጣና በትሕትና ይጠይቃል፦

ሐኪሙ፦ በረጅሙ ይተንፍሱ።
ወረፋ ያዡ፦ (በሩን በቀስታ ከፍቶ፣ ለታካሚው) ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመጨረሻው ሰው እርስዎ ነዎት?
ታካሚው፦ (ግራ ተጋብቶ) አዎ፣ መሰለኝ።
ወረፋ ያዡ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከታካሚው ጀርባ ይቆማል። ነርሷ ትገባለች፤ ሰው ተሰልፎ ስታይ ከኋላው ትቆማለች። አንድ አስታማሚ ይጨመራል። ሐኪሙ ራሱ እንዳይቀርበት ሰግቶ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከጭራው ይሰለፋል። ካሜራው ሰልፉን ይዞ ከክፍሉ ይወጣል፣ ኮሪደሩን ያቋርጣል፣ በሚቀጥለው በር ይገባል፤ በሰልፉ ራስ ላይ አንድ ሙሽራና አንዲት ሙሽራ ለፊርማ ቆመዋል። ሁለተኛው ትዕይንት ተጀመረ። የመጨረሻ ቀልድ አላስፈለገንም፤ ተመልካቹም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩን ያወቀው ከተሻገረ በኋላ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ከልቡ የሚፈልገውን አንድ ነገር ፈልጉለት

ወጣ ያለው ሰው ራሱን እንደ ቀልደኛ አያይም። ኮሎኔሉ ሥርዓት ይወዳል፤ መጀመሪያ የመጣው ዝግጅቱ የጦር ኃይሉን የምልመላ መፈክር ያለ አግባብ ተጠቅሟል ብሎ ቅሬታ ለማቅረብ ነበር። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ የሚያስቀውም ተገቢ ስለሆነ ነው። ክሊዝ የተጫወተው ሚስተር ፕራሊንም እንዲሁ። በዲሴምበር 1969 በቀረበው ክፍል የሞተች በቀቀን ሸጠውልኛል ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ በ1970 ደግሞ ኤሪክ ለተባለ ዓሣው ፈቃድ ሊያወጣ ይመጣል። በሁለቱም ቦታ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ሰው እውነቱን እንዲያምንለት።

እንዲህ ያለ ፍላጎት ከሐሳብ ብቻ አይገኝም፤ ከሰው ነው የሚገኘው። የበቀቀኗ ድርሰት ሥሩ ፔሊን ይተርከው የነበረ አንድ የጋራዥ ሰው ነው፤ መኪናው ምንም ያህል ቢበላሽ ብልሽቱን ፈጽሞ አላምንም የሚል ሰው። ክሊዝና ቻፕማን ይህን በ1968 ለሌላ የቴሌቪዥን ዝግጅት ስለ መኪና ጻፉት። ኋላ መኪናው ወጥቶ በቀቀን ገባች። የሰውየው እምቢተኝነት ግን አልተነካም። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ የዚህ ሁሉ ሙያ ልብ ያለው እዚህ ነውና። ከሕይወት የምትወስዱት ጠባዩን ነው፤ ዙሪያውን ያለውን ዕቃ እንደ ልባችሁ ትለውጡታላችሁ። የታዘባችሁትን ሰው ስም፣ መልክና ሥራ ተዉት፤ የሙጥኝ ያለበትን ነገር ብቻ ውሰዱ።

ወረፋ ያዡ ምን ይፈልጋል? ተራው እንዲደርሰው? አይደለም። ቢደርሰው ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም። የሚፈልገው ቦታውን ማወቅ ነው፤ ከማን በኋላና ከማን በፊት እንደሆነ። ይህ ከተወሰነ በኋላ የሚለው ሁሉ ራሱ ይመጣል። ሰዎቹ የሚታዘዙለትም በጥያቄው ጨዋነት ነው፤ እንዲህ በአክብሮት የጠየቀን ሰው አይደለሁም ብሎ ማሳፈር ይከብዳል። ጉልበተኛ ብታደርጉት ትዕይንቱ ወዲያው ይሞታል።

3ኛ ደረጃ፦ አለባበሱን ከሩቅ እንዲታወቅ አድርጉ

ከፓይተን ሰዎች በአለባበስ የሚበልጣቸው ጋምቢ ነው። አራቱም ጫፉ የተቋጠረ መሐረብ በራሱ ላይ፣ ክብ መነጽር፣ ትንሽ ጺም፣ እጅጌ የሌለው ሹራብ፣ የሱሪ ማንጠልጠያ፣ ከጉልበቱ በታች የጎማ ቦት። አንድ ልብስ ለብሰው ብዙ ጋምቢዎች በአንድ ጊዜ መቆም ይችላሉ፤ ማንኛውም የቡድኑ አባል ሊጫወተው የቻለውም ለዚህ ነው። የሚጮኸው በሙሉ ድምፁ ነው፤ አበባ እንዴት እንደሚደረደር ሲያስተምር አበባውን በጡጫ ወደ ማስቀመጫው ይጠቀጥቀዋል።

መፈተኛው ይህ ነው፦ ልብሱን ለሌላ ተዋናይ አልብሱና ጀርባውን አሳዩ። ተመልካቹ ካወቀው በቂ ነው። ለወረፋ ያዡ ግራጫ ኮት፣ በብብቱ ሥር የተያዘ ጠርዙ የተበላ ክላሰርና ወደ ፊት ዘንበል ያለ አንገት ይበቃሉ። ሌላ አትጨምሩ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ጋምቢ በዝግታ የሚያስብ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በአካል ጉዳት ወይም በአእምሮ ሕመም ላይ ወደ መሳቅ በቀላሉ ይንሸራተታል። በእኛም ኮሜዲ ከገጠር የመጣን ሰው አነጋገር ብቻ አንሥቶ መሳቂያ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሰውየው የሚያስቀው በሚፈልገው ነገር እንጂ በተወለደበት አገር ወይም በአንደበቱ ካልሆነ፣ አነጋገሩን ስትቀይሩት ቀልዱ አይጠፋም። ስትቀይሩት ከጠፋ ጣሉትና እንደገና ጀምሩ።

4ኛ ደረጃ፦ ንግግሩን አሳጥሩ

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ቃላቱም ሳይለወጡ ይመላለሱ። በሦስተኛው ዙር በ1972 የፓይተን መግቢያ እንዴት እንደነበር ተመልከቱ። ራቁቱን ኦርጋን የሚመታ ሰው ቁልፎቹን አንድ ጊዜ ይመታል፤ አስታዋቂው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ትቶ «አሁን ደግሞ» ብቻ ይላል፤ ጺማሙ ሰው «ይህ...» ይላል፤ አለቀ። ተመልካቹ የቀረውን ያውቀዋል። የእናንተ ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ሙሉውን መናገር አለበት፤ ያልተሰማ ነገር አይቆረጥም።

5ኛ ደረጃ፦ አመጣጡን መጥኑ

ለዚህ አንድ ክፍል ብቻ ብትመለከቱ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1970 የቀረበውን ተመልከቱ። አንድ ሰው በጥያቄ ሲፋጠጥ የስፔን ኢንኩዊዚሽን (መናፍቃንን ያሳድድ የነበረው የድሮው የካቶሊክ ፍርድ ቤት) ይመጣብኛል ብዬ አልጠበቅሁም ብሎ ያጉረመርማል። በሩ በኃይል ይከፈትና ቀይ የለበሱ ሦስት ካርዲናሎች ዘለው ይገባሉ፤ «የስፔንን ኢንኩዊዚሽን ማንም አይጠብቅም!» ዋናው መሣሪያችን ድንገተኛነት ነው ይላል መሪያቸው፤ ከዚያ ፍርሃትም አለ፣ ሁለት ሆነ፣ ሌላም አለ፣ ሦስት ሆነ እያለ ቆጠራው ይምታታበታል፤ ወጥቶ እንደገና መግባት ያምረዋል። ማሠቃያቸው የዕቃ መደርደሪያና ለስላሳ ትራስ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ተመልካቹ ቃሉን ያውቃል። በክፍሉ መጨረሻ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር በፍርድ ቤት ውስጥ ይነገራል፤ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቃል። ካርዲናሎቹ ግን ገና አውቶቡስ ላይ ናቸው። የተዋንያኑ ስም በስክሪኑ ላይ እየወጣ ነው፤ እነርሱ እየተጣደፉ ነው፤ ሲደርሱ ዝግጅቱ አልቋል።

እንግዲህ መጠኑ ይህን ይመስላል፤ የመጀመሪያው ምጣት ደንቡን ያስተምራል፣ ሁለተኛው ደንቡን ባልታሰበ ቦታ ያጸናል፣ ሦስተኛው ይሰብረዋል። ሦስተኛውን እንደ ሁለተኛው አድርጋችሁ ከጻፋችሁት ሰውየው አለቀለት። ለወረፋ ያዡ ሦስተኛው ምጣት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ እውነተኛ ረጅም ወረፋ ባለበት መሥሪያ ቤት ይገባል፣ ሰልፉን ያያል፣ ደስ ይለዋል፤ «የመጨረሻው ሰው እርስዎ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቅ ሴትዮዋ «የለም፣ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ» ትለዋለች። ቀጥሎ ያሉትም ሁሉ እንዲሁ ይሉታል።

6ኛ ደረጃ፦ ቀረጻ

ፓይተኖች ከቤት ውጭ የሚቀረጹትን ፊልሞች ወደ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት በአንድነት ይቀርጹ ነበር። እናንተም የገጸ ባሕርዩን አጫጭር ምጣቶች ሁሉ በአንድ ቀን ቅረጹ፤ ልብሱ፣ ጺሙና የክላሰሩ አያያዝ አይለዋወጥም። ሲገባ ሙዚቃ አታስቀድሙለት። ተዋናዩ ሳቅ እንዳይጠብቅ ንገሩት፤ ጠይቆ መልሱን በእውነት ይጠብቅ፣ መልሱን ካገኘ በኋላ ደግሞ በእውነት ይረጋ።

7ኛ ደረጃ፦ ደንቡን ያወቀውን ተመልካች ቅደሙት

ጺማሙ ሰው በ1972 በአንድ ክፍል ውስጥ የራሱን የቃለ መጠይቅ ዝግጅት አገኘ። ዝነኞቹ ሙዚቀኞች ሪንጎ ስታርና ሉሉ በእንግድነት ተቀምጠዋል። ሰውየው በደስታ ሰላምታ ሰጥቶ «ይህ...» ሲል እንደ ልማዱ የመግቢያው ሙዚቃ ተነሣ፤ እንግዶቹ ተነሥተው ሄዱ፤ እርሱም ሊያስቀራቸው ይታገላል። ለሦስት ዓመት ዝግጅቱን የከፈተበት ቃል የራሱን ዝግጅት ዘጋበት። እንዲህ ያለ ምጣት የሚጻፈው ተመልካቹ ቃሉን ከተዋናዩ ቀድሞ ማለት ሲጀምር ነው። በዚያ ጊዜ ወረፋ ያዡ ክላሰሩን ይዞ ይግባ፣ አንድም ቃል ሳይናገር አንዱን ሰው ይመልከት፤ ሰውየውም ሳይጠየቅ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይበለው። ከዚህ በኋላ ቢያንስ ለጥቂት ክፍሎች አታምጡት።