ወደ ካሪቡ አደን በትንሽ አውሮፕላን ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአላስካ፣ በአንኮሬጅ ከተማ፣ ሌክ ሁድ በተባለው ሐይቅ ዳር፣ የአዳኞችን ጓዝ እየመዘንኩ ውሃ ላይ በሚያርፉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ስጭን ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በየዓመቱም ሥራው ጋብ ሲል ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እኔም ካሪቡ የተባለውን፣ በሰሜኑ ብርድ አገር በመንጋ የሚኖር የአጋዘን ዓይነት ለማደን እወጣለሁ። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ በሚዛኑ አጠገብ የሚያልፈውን ሰው ስመለከት፣ አብዛኛው የተዘጋጀው ለመሄድ ብቻ መሆኑን እታዘባለሁ። መንገድ በሌለበት ምድረ በዳ ካቀደው ቀን በላይ ለመቆየትና ያደነውን ሥጋ ሳይበላሽ ይዞ ለመመለስ የተሰናዳ ሰው ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ ወገኖቼ ነው።

ከጓዝ ልጀምር። ቢቨር የተባለው አውሮፕላን በእኛ ሥራ እንደ ትልቅ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ሰው፣ ነዳጅና ዕቃ ተደምሮ የሚሸከመው የተወሰነ ነው። ሱፐር ከብ የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ከአብራሪው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ወንዝ ዳር ባለ ጠጠር ላይ የሚያርፍ ነው። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ጓዝ ብዙ ጊዜ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ አንዳንዱ አብራሪ ጠመንጃውንም ከዚሁ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ቤት ውስጥ በሚዛን አረጋግጦ መምጣት ይገባል። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሰው ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ እየጎተተ መጣ። ሻንጣው ከመቀመጫው ኋላ ባለው ጠባብ ቦታ አልገባ ስላለ፣ ካፊያ እየወረደበት ከፍቶ ዕቃውን በእንጨቱ ወለል ላይ አንድ በአንድ ደረደረው፤ አሥራ አራት ቆርቆሮ ባቄላ፣ ሁለት ጂንስ ሱሪና አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ ወጡ፤ የዝናብ ልብሱ የተገኘው ከሁሉም ሥር ነበር። አስቀድሞ የነገረው ሰው እንዳልነበረ ሳውቅ አዘንኩለት። ጓዝዎን ውሃ በማያስገባ ለስላሳ ከረጢት ይያዙ፤ ከአንድ ትልቅ ከረጢት ሁለት ትንንሽ ይሻላሉ።

ከሌላ ግዛት በመደበኛ በረራ የሚመጣ ሰው ጠመንጃውን ያለ ጥይት በሚቆለፍ ደረቅ ሳጥን አድርጎ ለአየር መንገዱ ማስታወቅ አለበት፤ ጥይቱም ከ5 ኪሎ መብለጥ የለበትም። የምድጃ ጋዝና የድብ መከላከያ ርጭት በእጅ ቦርሳም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ስለማይፈቀዱ እዚህ ደርሰው ይግዙ። ወደ ትንሹ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ደግሞ ርጭት መያዝዎን ለአብራሪው ይንገሩት፤ ጠርሙሱ በበረራ ላይ ቢያፈስ አብራሪው ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋልና።

ስለ ሕጉ ሁለት ነገር ልበል። በአላስካ ሕግ በእንዲህ ያለ አውሮፕላን የተጓዘ ሰው በዚያው ቀን ማደን አይችልም፤ የሚፈቀድለት በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሌሊቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ድንኳን ሲተክሉ መንጋ በአጠገብዎ ቢያልፍ እንኳ ጠመንጃ አያንሡ። ሁለተኛው፣ በአሜሪካ የማይኖር የውጭ ዜጋ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ለጥየቃ የመጣ ዘመድ፣ ፈቃድ ያለው የአደን መሪ ሳይኖረው ካሪቡ ማደን አይችልም።

የቆየ ወሬ አምኖ ቦታ መምረጥም ብዙዎችን ባዶ እጃቸውን መልሷል። የምዕራብ አርክቲክ መንጋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲቆጠር 490 ሺህ ያህል ነበር፤ በ2023 ግን 152 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በ1990ዎቹ 200 ሺህ ገደማ ደርሶ የነበረው፣ መልቻትና የተባለው የደቡብ ምዕራብ አላስካ መንጋ ደግሞ እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ በ2021 አደኑ ተዘግቷል። ጎረቤትዎ ከዐሥር ዓመት በፊት ያየው መንጋ ዛሬ እዚያ ላይኖር ስለሚችል፣ የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለዚያው ዓመት ያወጣውን ደንብ ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ።

የጥጥ ልብስ አይያዙ። ጠመንጃው በጉዞ ላይ ተመትቶ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ሊዛነፍ ስለሚችል፣ ከመብረርዎ በፊት ዒላማ ላይ ተኩሰው ያረጋግጡ።

ሌላው ስህተት አብራሪው በተቀጠረው ቀን ይመጣል ብሎ ማመን ነው። አንድ ጊዜ በሰሜን አላስካ ካሉት ከብሩክስ ተራሮች ግርጌ ጉም አራት ቀን ያዘን። አብራሪው የዘገየው በእኛ ሕይወት ላለመቀለድ ሲል ነው፤ ቶሎ ና ብሎ መወትወትም ሆነ ሰማዩ ሳይጠራ ጠርቷል ብሎ መልእክት መላክ ኃጢአት ነው። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይያዙ፤ ደመናው የትኛውን ኮረብታ እንደሸፈነና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ብቻ በእውነት ይጻፉለት። ስንቅን በተመለከተ እኛ ኢትዮጵያውያን የታደልን ነን፤ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ክብደታቸው ትንሽ፣ ጉልበታቸው ብዙ ነው፤ በሶ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ ጋዝ ቢያልቅም አያስጨንቅም። ካቀዱት ቀን በላይ ቢያንስ የአራት ቀን ስንቅ ይጨምሩ።

አሁን ዝም ብዬ ማለፍ ወደማልችለው ልምጣ፤ ይኸውም የሥጋው ነገር ነው። ወንዱ ካሪቡ ከ160 እስከ 180 ኪሎ ይመዝናል። ሰው ለጠመንጃውና ለመነጽሩ ሺህ ዶላር አውጥቶ፣ ለሥጋው ግን የጨርቅ ከረጢት እንኳ ሳይዝ ሲመጣ ማየት ያንገበግበኛል። ይህን የምለው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያረድነውን ሥጋ ከዝናብ እንዲድን ብለን በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ ጠቅልለን፣ በሸራ ሸፍነን ሁለት ቀን አቆየነው። ፀሐይ ወጥታ ነበር። የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ስፈታ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ታፋው ላይ እጄን ሳሳርፍ አሙለጨለጨኝ፤ በቢላዋ እስከ ዳሌው አጥንት ስሰነጥቀው መገጣጠሚያው ዙሪያ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ያን እንስሳ በከንቱ እንደገደልነው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሥጋን የሚያበላሸው ከሁሉ በፊት በውስጡ የቀረው ሙቀት ነው፤ ቀጥሎም እርጥበት ነው። ስለዚህ ወዲያው ቆዳውን ገፍፈው ብልቱን ያውጡ፤ እያንዳንዱን ብልት አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ለየብቻ ያኑሩ፤ ለአንድ ካሪቡ ከአምስት ያላነሰ ከረጢት ያስፈልጋል። ቱንድራ በሚባለው ብርዳማ ገላጣ ምድር ላይ መስቀያ ዛፍ ስለማይገኝ፣ ከወንዝ ዳር የአኻያ ቁጥቋጦ ቆርጠው እንደ ቆጥ ይረብርቡና ሥጋውን ከላዩ ይደርድሩት፤ ሸራውን ጎንና ጎኑ ክፍት ሆኖ ከሥጋው ከፍ እንዲል አድርገው ይወጥሩት። ቆጡም ድብ ሲመጣ ከሩቅ እንዲታይ ከድንኳንዎ ራቅ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ይሁን። ሕጉ ወርችና ታፋውን፣ ሽንጡን፣ ፍሪምባውን፣ የአንገቱንና የጎድኑን ሥጋ ሁሉ እንዲያነሡ ያስገድዳል፤ በአንዳንድ ክልሎች ሥጋው ከአጥንቱ ሳይለይ እንዲወጣ ሲያዝዝ፣ ቀንዱም ከሥጋው ቀድሞ እንዲሄድ አይፈቅድም። ቀንድ ተሸክመው የመጡና ሥጋው ኋላ ይመጣል ያሉ ሰዎች በዚህ ሐይቅ ዳር ምን እንደሚገጥማቸው አይቻለሁ።

በመጨረሻም ወገኖቼን ብቻ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ገና ትኩስ የሆነውን ሽንጥ ቆርጦ ከሚጥሚጣ ጋር ለመቅመስ የሚቸኩል ሰው በየዓመቱ አያለሁ። ካሪቡ ብሩሴሎሲስ የተባለውን፣ በሀገራችን ከብቶችም የሚታወቀውን በሽታ ሊይዝ ይችላል፤ በሽታውም ወደ ሰው ይተላለፋል። ማቀዝቀዝ፣ ማጨስና ማድረቅ ተህዋሲውን በእርግጥ አይገድሉትም፤ ስለዚህ ክትፎው ብቻ ሳይሆን ቋንጣውም በደንብ መብሰል አለበት፤ መቅኒውም እንዲሁ። ብልት ሲያወጡ የጎማ ጓንት ያድርጉ፤ ጉልበቱ ያበጠ ወይም ቆለጡ ከመጠን በላይ የተነፋ እንስሳ ካገኙ ያበጠውን ቦታ በቢላዋ ሳይነኩ ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቁ።