ነጩ ነጠላ ፎቶ ላይ ለምን ግራጫ ይሆናል?

ፒያሳ አካባቢ የሀገር ባህል ልብስ ለሚሸጡ ሱቆች ፎቶ አርማለሁ። ገዢዋ «በፎቶ ያየሁት ቀለም ይህ አይደለም» ብላ ቀሚሱን ስትመልሰው የሚያንገበግበኝ የሸማኔው ልፋት ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት አይዘልም።

ነጩ ግራጫ ሲሆን

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጭ ሸማ ፊቱን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ያጨልመዋል። በፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም ሌቭልስን (የጨለማና የብርሃን ማስተካከያውን) ክፈቱና ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ክምር፣ ተመልከቱ። ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) በሚሄደው ሚዛን ላይ ክምሩ ለምሳሌ 190 ላይ ያበቃና ከዚያ ወደ ቀኝ ባዶ ሜዳ ይሆናል። የነጩን መንሸራተቻ ወደ ግራ ሳቡት፤ ግን 200 ላይ አቁሙት። ያኔ ከሁሉ የደመቀው ክር 242 ገደማ ላይ ያርፋል። 170 ድረስ ብትወስዱት ፎቶው ለጊዜው ያምራል፤ ፈትሉ ግን ይጠፋል። የእጅ ፈትል ወፈር ቀጠን የሚለው መልኩ ተደምስሶ ነጠላው ወረቀት ይመስላል። ገዢዋ የምትከፍለው ለዚያ ፈትል ነውና እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ገና ደብዘዝ ካለ የመካከለኛውን መንሸራተቻ ከ1.0 ወደ 1.1 ማድረግ ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ስታነሱ ካሜራው ላይ የብርሃን መጠኑን (ኤክስፖዠር) በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሲሆን

ጠባብ ሱቅ ውስጥ በአንድ ወገን የመስኮት ብርሃን፣ በሌላው ቢጫ አምፖል አለ። የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን የአምፖሉ ብርሃን 3000፣ የቀኑ ደግሞ 5500 አካባቢ ስለሆነ አንድ ዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) ሁለቱን ሊያስታርቅ አይችልም። አምፖሉን አጥፉ፤ ልብሱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፤ በጨለማው ወገን ነጭ ካርቶን አቁሙ። ፎቶው ተነስቶ ካለቀ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ መርጦ ከማረም ሌላ መንገድ የለም፤ አድካሚ ነው።

የዋይት ባላንስ መምረጫውን፣ ማለትም «ቀለም አልባው ይህ ነው» ብላችሁ የምትጠቁሙበትን፣ ሸማው ላይ አትጫኑ። ጥጡ የራሱ ወተት መሰል ቀለም አለው፤ መምረጫው ያንን ያጠፋዋል። የቢሮ ወረቀትም ማንጫ ስላለበት ወደ ሰማያዊ ያደላልና አይታመንም። ለዚሁ የተሠራ፣ ወደ ምንም ቀለም የማያደላ ግራጫ ካርድ ከልብሱ ጎን አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ አንሱ፤ እሱ ላይ ተጫኑ። ይህን ከሌቭልስ በፊት ጨርሱት።

ቀዩ ጥበብ አንድ ጥፍጥፍ ሲሆን

የቀለም ድምቀቱን አብዝታችኋል። አጠቃላይ ሂስቶግራሙ ደህና ቢመስልም የቀዩን ቻናል (ፎቶው ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የቀዩን ድርሻ) ለብቻው ብታዩት 255 ላይ ተጣብቋል። የቀዩን ድምቀት ብቻ ቀንሱ፤ በጥለቱ መካከል ያሉት ክሮች አንድ በአንድ እስኪለዩ ድረስ።

ኮምፒውተር ላይ አምሮ ስልክ ላይ ሲፈዝ

ፋይሉ የተቀመጠው አዶቤ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ሊሆን ይችላል፤ ለስልክና ለድረ ገጽ በተለመደው በኤስአርጂቢ አስቀምጡት። ከመላካችሁ በፊት ልብሱን ራሱን መስኮት ዳር ይዛችሁ ከስልኩ ጋር አስተያዩት።