ዴይሊሊ ስትተክሉ አንገቷን አትቅበሩት

«ዴይሊሊዬ አላብብ አለች፤ ምን ላድርግላት?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው የማዳበሪያ ስም እንድነግረው ይጠብቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አፈሩን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉና አንገቷ፣ ማለትም ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ክፍል፣ የት እንዳለ እዩ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ነው። ተቀብራለች።

ዴይሊሊ ቻይ አበባ ናት። አብዛኞቹ ዝርያዎቿ ውርጩንም ድርቁንም ይችላሉ። አንዴ ከተመቻት በየዓመቱ ሳትሰለች ታብባለች። ጣጣው፣ ቻይነቷ ሰውን ያዘናጋል። «እሷ የትም ትበቅላለች» ተብሎ እንደነገሩ ትተከላለች፤ ከዚያ ሳትሞትም ሳታብብም ትኖራለች። እንዲህ ሆና ሳያት ያናድደኛል፤ የቀረባት ትንሽ ነገር ነውና። ብዙ ጊዜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እነሆ።

ጠልቆ መትከል

ስህተቱ የሚጀምረው እንደ ማንኛዋም ሊሊ ናት ብሎ ከማሰብ ነው። እውነተኛዋ ሊሊ ኮረት፣ ማለትም እንደ ሽንኩርት ያለ የመሬት ውስጥ ራስ፣ አላት፤ ኮረት ደግሞ ጠለቅ ተደርጎ ይተከላል። ዴይሊሊ ኮረት የላትም። ድሮ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሊሊ ቤተሰብ መድበዋት ነበር። በኋላ ዘረ መሏ ሲጠና ግን ከእሬት ጋር በአንድ ቤተሰብ ገባች። ልዩነታቸውን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። የሊሊ ቅጠሎች ግንዷን ይዘው ከታች እስከ ላይ ይወጣሉ። የዴይሊሊ ቅጠሎች ግን ሁሉም የሚነሡት ከመሬት ነው፤ ግራና ቀኝ ተደርድረው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። የአበባው ዘንግ ብቻውን ከመሃላቸው ይወጣል።

ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ጠንካራ ክፍል አለ። ቅድም አንገት ያልኩት እሱን ነው። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከዚያ ነው። አዲስ ሥርም፣ የአበባ ዘንግም እንደዚያው። ይህ ክፍል ከአፈሩ ወለል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲጠልቅ ተክሏ ጉልበቷን የምትጨርሰው ወደ ላይ በመግፋት ነው። አፈሩ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ደግሞ አንገቱ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ አንገት ያላትን ዴይሊሊ ማዳን ከባድ ነው።

አንዲት ወዳጄ ለዓመታት ቅጠል ብቻ የምትሰጥ ዴይሊሊ ነበረቻት። ማዳበሪያ ቀያየረች፣ ውኃ ጨመረች፣ ቀነሰች፤ ተክሏ ወይ ፍንክች። አብረን ስንቆፍር አንገቱን ያገኘነው አንድ ስንዝር ወርደን ነው። እዚያው ቦታ፣ እዚያው አፈር ላይ ከፍ አድርገን ተከልናት። በሚቀጥለው የማበቢያ ወቅት ዘንግ አወጣች። ሌላ ምንም አልተደረገላትም።

አተካከሉ ቀላል ነው። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጋችሁ ቆፍሩ። መሃሉ ላይ አፈር ቆልሉ። አንገቷን ከቁልሉ አናት ላይ አስቀምጡና ወፍራም ወፍራሞቹን ሥሮች ዙሪያውን ወደ ታች ዘርጓቸው። አፈር መልሱ፣ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ፣ ውኃ አጠጡ። ውኃው ሲሰርግ አፈሩ ተክሏን ይዟት ሊወርድ ስለሚችል እንደገና እዩ። የት ድረስ መቅበር እንዳለባችሁ ካልገባችሁ የቅጠሉን ግርጌ ተመልከቱ። ነጣ ያለው ክፍል ቀድሞ አፈር ውስጥ የነበረው ነው። አረንጓዴው የሚጀምርበት መስመር ድሮ የነበረችበትን ልክ ይነግራችኋል።

ጉዝጓዝ የምታለብሱም ብትሆኑ አንገቱ ላይ አትከምሩት። በትክክል የተከላችኋትን መልሳችሁ ቀበራችኋት ማለት ነው።

ዘንጉን አብሮ መቁረጥ

የዴይሊሊ አንድ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ይህ የተክሏ ጠባይ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ግን አንድ ዘንግ ላይ ብዙ እምቡጥ አለ፤ ዛሬ አንዱ ሲጠወልግ ነገ ሌላው ይፈነዳል። አዲስ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው አበባ ጠውልጎ ሲያይ ያበቃ ይመስለውና መቀስ አምጥቶ ዘንጉን ከሥር ይቆርጠዋል። ገና የሚመጡትን አበቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጣላቸው። ይህን ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

ለዚህ ሥራ መቀስ አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት የጠወለገውን አበባ ከግርጌው ይዛችሁ በጣታችሁ ወደ ጎን ስበር አድርጉት። ከሥሩ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ እብጠት አብራ መምጣት አለባት። እሷ ከቀረች ፍሬ ትሆናለች፤ ተክሏም ጉልበቷን ወደ ዘር ታዞራለች። አጠገቡ ያለው እምቡጥ አብሮ እንዳይረግፍ በሌላው እጃችሁ ዘንጉን ደግፉት። ዘንጉን የምትቆርጡት እምቡጡ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥላ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። ዛፍ ሥር ተክላችሁ አበባ አትጠብቁ። ጥቁር ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ግን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጥላ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ቀለማቸውን ያነጣዋል።

ዩሪያ ማብዛት

ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሏ ይለመልማል፤ አበባዋ ይጠፋል። የተብላላ ብስባሽ ይበቃታል። ይልቅ እምቡጥ ስትይዝ ውኃ አትንፈጓት፤ በዚያ ሰዓት ከተጠማች እምቡጦቿን ታራግፋለች።

መከፋፈልን መፍራት፣ ወይም ማብዛት

ዴይሊሊ በየዓመቱ በጎን እየበዛች ትሄዳለች። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሃሏ ይጨናነቅና አበባዋ ይቀንሳል። ያኔ ነቅሎ መከፋፈል ነው። «እንዳላጎዳት» ብላችሁ የምትተዉ ሰዎች ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ ግን ይህች ተክል መነቀል አትፈራም።

በተቃራኒው ደግሞ አንዷን ተክል ለጎረቤት ሁሉ ለማዳረስ ነጠላ ነጠላ አድርጎ የሚበጣጥስ አለ። ነጠላዋም ትኖራለች፤ ግን ለማበብ ጊዜ ይወስድባታል። በአንድ ቁራጭ ላይ 2 ወይም 3 የቅጠል ማራገቢያ ተዉ። አፈሩን በውኃ አጥባችሁ አንገቶቹ በተፈጥሮ የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጉ፤ በእጅ ወዘወዝ ሲደረጉ አብዛኛዎቹ ይላቀቃሉ። ቅጠሉን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አሳጥሩት። አዲሶቹን ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። የሙቀቱ ጫፍ ላይ ግን አትንኳት፤ አዲስ የተቆረጠ ሥር፣ ሙቀትና ብዙ ውኃ አንድ ላይ ከመጡ መበስበስ ይከተላል።

ተኝታ ሳለ ሞተች ማለት

አንዳንዶቹ ዝርያዎች ብርዱ ሲመጣ ቅጠላቸው ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። በመካከል ያሉም አሉ። ስትገዙ የትኛዋ እንደሆነች ጠይቁ። የምትተኛዋ ብርድ የሌለበት አገር ስትሄድ ዕረፍት አጥታ እየደከመች ትመጣለች። ሁልጊዜ አረንጓዴዎቹ ደግሞ ከባድ ውርጭ ላይ ሊሞቱ ይችላሉ። ጤነኛ ተክል ደርቃለች ተብላ ተነቅላ ቆሻሻ ላይ ስትጣል አይቻለሁ፤ ሥሯ ወፍራምና ነጭ ነበር።

ከዘር አንድ ዓይነት ልጅ መጠበቅ

ስቴላ ደ ኦሮ የምትባለዋን አጭር ቢጫ ዴይሊሊ ብዙ ሰው ያውቃታል። ከእሷ ፍሬ ዘር ወስዳችሁ ብትዘሩ የሚበቅለው ስቴላ ደ ኦሮ አይደለም። ስም ያላቸው ዝርያዎች እናታቸውን መስለው የሚቀጥሉት በመከፋፈል እንጂ በዘር አይደለም። እንደዚያም ሆኖ ዘር ዝሩ፤ ከ2 እስከ 3 ዓመት ጠብቃችሁ ማንም ያላየውን አበባ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ብቻ የእናቱን ስም ሰጥታችሁ ለሰው አታድሉ።

ሁለት ዝርያ ለማዳቀል የምትሞክሩም የክሮሞዞማቸውን፣ ማለትም ዘረ መል የሚሸከሙትን የሴል ክሮች፣ ቁጥር ቀድማችሁ አጣሩ። 22 ያላቸው አሉ፤ 44 ያላቸው አሉ። ሁለቱን ብታዳቅሉ ፍሬ አይዝም ማለት ይቻላል። በየመንገዱ ዳር የምትታየው የታወቀችው ብርቱካንማ ዴይሊሊ ደግሞ 33 ክሮሞዞም ስላላት ዘር አትሰጥም። የምትስፋፋው በምድር ውስጥ በምትዘረጋው ግንድ ነው። ለዚህ ነው ከሌሎች ጋር በአንድ መደብ መትከል የሌለባችሁ፤ ቦታውን ትወስደዋለች።

ማታ ማታ ቅጠል ላይ ውኃ ማርከፍከፍ

እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል ዋግ ይጋብዛል። የዴይሊሊ ዋግ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን ከዚያ በኋላ በፍጥነት ተዛምቷል። ከጠረጠራችሁ የቅጠሉን ጀርባ በነጭ ሶፍት ጥረጉት፤ ብርቱካንማ ዱቄት ከያዘ ዋግ ነው። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ከአትክልቱ ቦታ አርቁት፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩት። አዲስ የመጣን ተክል ከነባሮቹ ለይታችሁ ለጥቂት ሳምንታት አቆዩት። ውኃውን ጠዋት፣ ከሥር አጠጡ።

ድመት ያለበት ቤት

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዴይሊሊ ለድመት መርዝ ናት። ቅጠሏም፣ አበባዋም፣ ብናኟም የድመቷን ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። የቻይና ምግብ ላይ የዴይሊሊ እምቡጥ ይበላል፤ ሰው በላው ማለት ግን ለድመት ደህና ነው ማለት አይደለም። ዘንግ ቆርጣችሁ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ካደረጋችሁ ድመት የማትገባበት ክፍል ውስጥ ይሁን። ስታኝክ ካያችኋት፣ ወይም ብናኙ ፀጉሯ ላይ ካለ፣ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፤ ሐኪሙ እንዲለየው ከተክሉ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ።